በሰው መድረክ የሌላ ቤት ድግስ

«ቅዳሜ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ነን፤ እንዳትቀሩ!»

ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አምስት ሙዚቀኞችን የሐሙስ ሥራቸውን አሳጥታቸዋለች። ከአምስቱ አንዱ ድራመሩ ነው፤ የሐሙስን ክፍያ ተማምኖ ቤት ከተከራየ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። በማይክ የተናገራት ድምፃዊው ቢሆንም ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው እንደ ታዛቢ ብቻ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ ላይ እያለሁ የጓደኞቼን ባንድ የቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ እይዝላቸው ነበር። ደመወዝ የለውም፤ እራትና የታክሲ ነው። ባንዱ ሐሙስ ሐሙስ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ይጫወታል። የቤቱን ስም አልጠራም። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ አዲስ የተከፈተ ላውንጅ ለቅዳሜ ቀጠረን። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ባይ ነኝ፤ «ሐሙስ ቤቱ ጢም ይላል፤ ለቅዳሜ ማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?» አልኩ። ኪውአር ኮድ ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች አሳትሜ በየጠረጴዛው ከሜኑው ሥር አስቀመጥኩ። በሁለቱ ዙር መሀል ድምፃዊው ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሰው አጨበጨበ፣ እኛም ደስ አለን።

የቤቱ ባለቤት እስኪዘጋ ድረስ ምንም አላሉም። ሂሳባችንን አንድ ብር ሳያጎድሉ ከፈሉን። ከዚያ ካርዶቹን ከየጠረጴዛው ሰብስበው በላስቲክ አስረው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና፣ «የበላችሁበትን ወጪት ሰበራችሁ። ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ አትምጡ» አሉን።

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። «ተመልካች የማንም ንብረት አይደለም» ብዬ ረጅም ፖስት ልጽፍባቸው ስል ጊታሪስቱ ነው ስልኬን የቀማኝ። እግዜር ይስጠው። አሁን ሳስበው የሐሳቤ ግማሽ ትክክል ነበር። ግማሹ ግን ሒሳብ አለመቻል ነው።

እስቲ ካልኩሌተር አውጡና ተከተሉኝ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። አንድ ቤት ሐሙስ ማታ 80 ሰው ያስተናግዳል እንበል። መግቢያ ነጻ ነው። ሰው በአማካይ 600 ብር ቢያወጣ፣ የምግብና የመጠጡ ዋጋ ተቀንሶ 250 ብር ለቤቱ ይተርፋል። በ80 ሲባዛ 20,000 ብር። ለባንዱ 12,000 ሲከፈል የሚቀረው 8,000 ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ የጀነሬተር ነዳጅ፣ ሳውንድ ማን፣ ጥበቃ፣ ሁሉም የሚጠብቀው ያቺን 8,000 ነው። አሁን ከ80ው 20ው ሰው «ሐሙስ ከምናመሽ ቅዳሜ ማዶ እንሂድ፤ ባንዱ እንደሆነ ያው ነው» ብሎ ቢቀርስ? 5,000 ብር ተነነ። 8,000 የነበረው 3,000 ሆነ። ሰው በሩብ ቀነሰ፣ ለቤቱ የሚተርፈው ግን ከግማሽ በላይ ወደቀ። የባንዱ ክፍያ ያው 12,000 ነው፤ እኛን ምንም አልነካንም።

ሌላም የረሳነው ነገር አለ። ያ 80 ሰው ከሰማይ አልወረደም። ስንጀምር የምንጫወተው ለ15 ሰው ነበር፤ እሱም ግማሹ የእኛው ጓደኞች። ባለቤቷ ለአራት ወር ያህል ባዶ ወንበር እያዩ ከፍለውናል። ያ ኪሳራ ኢንቨስትመንት ነበር። ፍሬው ሲደርስ እኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማዶ ልናሻግረው ተነሳን። ማዶ ያለው ላውንጅ ለእነዚያ አራት ወራት አምስት ሳንቲም አላወጣም።

«ታዲያ ውድድር መቅረት አለበት ወይ?» ካላችሁኝ፣ በፍጹም። መርካቶን እዩት። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች በአንድ ተራ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ስለሚዋደዱ አይደለም፤ ገዢው «እዚያ ተራ አይጠፋም» ብሎ ስለሚመጣ ነው። የፈለጋችሁት ቁጥር ከሌለው ባለሱቁ «ቁጭ በሉ፣ ላምጣላችሁ» ብሎ ከጎረቤት ይዞ ይመጣል። ግን ሰው ሱቅ ውስጥ ገብቶ ዋጋ እየጠየቀ ያለን ደንበኛ ከውጭ ሆኖ «እኔ ጋ ና» ብሎ መጥራት ነውር ነው፤ ጠብ ያስነሳል። አዝማሪ ቤትም እንደዚያው ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ እንግዳውን ያወድሳል፣ ይሰድባል፣ ያስቃል፤ ሽልማቱ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። «ከነገ ወዲያ ጎረቤት ቤት ነኝ» የሚል ግጥም ሲያወርድ ግን እኔ ሰምቼ አላውቅም። ደንቡን ማንም አልጻፈለትም፤ ያውቀዋል።

እስካሁን ለቤቶቹ ጠበቃ የቆምኩ እመስላለሁ። አሁን ወደ ባንዶቹ ልምጣ።

በድሮ ጊዜ የአዲስ አበባ ክለቦች ባንድን ለረጅም ጊዜ ይቀጥሩ ነበር፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያውም የክለቡ ነበር። ዋልያስ ባንድ የተለየ መንገድ ከያዙት አንዱ ነው። አባላቱ የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ከቤቶች ጋር በራሳቸው ስም ተዋዋሉ፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓመታት የሂልተን ሆቴል ባንድ ሆነው ሠሩ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው ሲመሽ ይገባና የሚወጣው ሲነጋ ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እንዲህ ዓመቱን ሙሉ ቋሚ ሥራ ያለው ባንድ «ሌላ ቤት እንዳታስተዋውቅ» ቢባል ነገሩ ሚዛን አለው።

የዛሬው ባንድ ግን የሚከፈለው በማታ ነው። አንድ ኪቦርዲስት በሳምንት ከሦስት ባንድ ጋር ይጫወታል፣ እሑድ ሰርግ አለው፣ በመሀል ስቱዲዮ ይገባል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ብዙ ቤት ይቀዘቅዛል፤ «ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ» ይባላል። ለእነዚያ 55 ቀናት የሙዚቀኛውን ኪራይ ማን ይከፍላል? ማንም። በጥር «የእኛ ልጆች» የተባሉት በመጋቢት የማንም ልጆች አይደሉም። በየማታው እየከፈልክ የዓመት ታማኝነት መጠየቅ የማይሆን ነው። ብቸኝነት ዋጋ አለው። የፈለገ ቤት ይግዛው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። ተመልካቹ የማንም አይደለም፤ ምሽቱ ግን ወጪውን የሸፈነው ቤት ነው። ባንድ የፈለገበት ቤት የመጫወት መብት አለው። በሌላው ወጪ በተሰበሰበ ሰው ፊት፣ በሌላው ማይክ፣ የተፎካካሪን ስም የመጥራት መብት ግን የለውም። ካልተፈቀደለት በስተቀር።

ይህን ወደ ተግባር ስናወርደው፣ እኔ ከዚያ ሐሙስ በኋላ የምከተላቸው ደንቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ቀድማችሁ ንገሩ። ሌላ ቤት ሥራ ስታገኙ ባለቤቱ ከፖስተር ላይ አይስማው። ከሳውንድ ቼክ በፊት ጎራ ብላችሁ «ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያም እንጫወታለን፤ እርስዎ ቀድመው ይወቁት ብለን ነው» በሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ያንን ሁለት ደቂቃ ነው የነፈግናቸው።

ሁለተኛ፣ ማይክ ላይ መጀመሪያ የቤቱን ቀጣይ ምሽት ጥሩ። ከዚያ «ሌሎች ዝግጅቶቻችንን ቻናላችን ላይ ታገኛላችሁ» ማለት ይበቃል። የሌላ ቤት ስም፣ ቀንና ሰዓት ከመድረክ አይነገርም። የፈለገ ሰው ቻናሉን ይከፍታል፤ ስልኩ እንደሆነ እጁ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጠረጴዛው፣ ግድግዳውና የመጸዳጃ ቤቱ መስታወት የቤቱ ናቸው። ካርድም ስቲከርም ሳታስፈቅዱ አታስቀምጡ። አስተናጋጆቹንም «እባክሽ በትኚልን» ብላችሁ እንጀራቸው ላይ አትጫወቱባቸው።

አራተኛ፣ ይሄ የእኛ ዘመን ችግር ነው፤ አንዱ ቤት የተቀረጸን ቪዲዮ ለሌላው ቤት ማስታወቂያ አታድርጉት። ያ መብራት፣ ያ ድምፅ፣ ያ የሚጨፍር ሰው የተሰበሰበው በሐሙሱ ቤት ወጪ ነው። እሱን ቆርጦ «ቅዳሜ እዚህ ነን» ብሎ መለጠፍ የጎረቤትን ድግስ ፎቶ አንስቶ የራስን ሰርግ እንደመጥራት ነው። ለቅዳሜ የቅዳሜውን ቤት ቪዲዮ ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ ልምምድ ላይ ቅረጹ።

አምስተኛ፣ በሥራው ቀን ገጻችሁ ላይ ከላይ መታየት ያለበት የዕለቱ ቤት ነው። ሐሙስ ማታ ከመድረክ ጀርባ ሆናችሁ የቅዳሜን ስቶሪ አትልቀቁ። ዓርብ ጠዋት ልቀቁት፤ አይሸሽም።

ስድስተኛ፣ ተመልካች ራሱ መጥቶ «ሌላ ጊዜ የት ትጫወታላችሁ?» ካለ እውነቱን ንገሩት። የተጠየቁትን መመለስ ነውር የለውም፤ መዋሸት ነው ነውሩ።

ለባለቤቶችም ሦስት ነገር አለኝ። ከባንዱ ጋር ስትስማሙ የማትፈልጉትን ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ብትጽፉት ደግሞ ይሻላል። የባንዱ የራሱ ቻናልና ገጽ የባንዱ ነው፤ «አጥፋው» ማለት አትችሉም። ሌላ ቦታ ጭራሽ እንዳይጫወት ከፈለጋችሁ ደግሞ በጾሙም በፍስኩም የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ አቅርቡ።

እኛም ተመልካቾቹ አለንበት። ባንድ ተከትለን ስንዞር ቤቱን እንረሳዋለን። አንድ ቢራ ይዞ አራት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው (እኔም አድርጌዋለሁ) ለባንዱ ያጨበጭባል እንጂ ሐሙስን አያቆይለትም። ስትከፍሉ ለካሸሩ «የመጣነው ለባንዱ ነው» በሉ። ባለቤቱ ጆሮ ከደረሰች፣ ያቺ ቃል በክፍያ ድርድር ላይ ከሺህ ላይክ ትበልጣለች።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለጨዋነት ብዬ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ላይቭ ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ብዙ አይደለም፤ ያለውም በቀላሉ ይጠፋል። ጃዝአምባ ላውንጅ በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ሲደርስ አብሮ ሄደ። በአዝማሪ ቤቶቿ ትታወቅ የነበረችው ካዛንቺስም በመልሶ ማልማቱ መልኳ ተቀይሯል። እሳትና ግንባታ ላይ እኛ ሥልጣን የለንም። አንድ ባለቤት ግን «ባንድ መቅጠር ትርፉ ንዴት ነው፤ ዲጄ ይበቃኛል» ብሎ እንዲወስን የምናደርገው እኛው ነን። ያኔ የሚጎዳው ያ ባንድ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቀው ልጅም ጭምር ነው።

ከወራት በኋላ ባለቤቷን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ማኪያቶ አዘዙልኝ። «እኔ እኮ ቅዳሜ ማዶ መጫወታችሁ አልነበረም ያናደደኝ» አሉኝ። «ብትነግሩኝ ሐሙስን ወደ ረቡዕ እናዞረው ነበር፤ ከቅዳሜ ይርቅ ነበር።» ይህን አማራጭ እኛ አስበነው አናውቅም። አስበን የማናውቀው ስላልጠየቅን ነው።

ሐሙስ አልተመለሰልንም፤ ሌላ ባንድ ይዞታል። የማዶው ላውንጅም ብዙ ሳይቆይ የቅዳሜ ባንዱን በዲጄ ተካው። ድራመሩ ያን ቤት ለቆ ወደ እናቱ ጋ ተመልሷል፤ አሁንም እንገናኛለን፤ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። በላስቲክ የታሰሩት ካርዶች ግን እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ለአንድ ባንድ ፖስተር በሠራሁ ቁጥር መጀመሪያ አያቸዋለሁ፤ ከዚያ ስልኬን አንስቼ ለባለቤቱ እደውላለሁ።

እናንተም ደውሉ። ቸር እንሰንብት።