ተራው ወታደር በዱቼዟ አዳራሽ

ስለ ዋተርሉ ውጊያ የጻፈ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የሪችመንድ ዱቼዝ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1815 ብራስልስ ውስጥ የሰጠችውን የዳንስ ግብዣ ሳያነሳ አያልፍም። ነገሩ ለአተራረክ የተመቸ ነው፤ ጭፈራው በደመቀበት ሰዓት ናፖሊዮን ድንበር ጥሶ መግባቱ ይሰማል፣ መኮንኖቹ የግብዣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወደ ጦራቸው ይሮጣሉ። እዚህ ላይ ግብዣና ውጊያ ሁለት ተቃራኒ ዓለማት ሆነው ይሳላሉ። እኔ ግን ዓለሙ አንድ ነበር ባይ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ማን ምን ሆኖ እንደሚገባ የወሰነው የመደብ መሰላል፣ ጦሩንም የድሉንም ትርፍ የደለደለው ያው መሰላል ነው።

በ1814 ናፖሊዮን ከዙፋኑ ወርዶ ሰላም ሲወርድ፣ ኑሮ ከለንደን ይልቅ ብራስልስ ርካሽ ስለነበር ዕዳ የከበዳቸው እንግሊዛውያን መሳፍንት ወደዚያ ጎረፉ፤ የሪችመንድ ዱክ ራሱ አንዱ ነው። ለግብዣው ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ተጠራ። ተራ ወታደርም ከአዳራሹ አልጠፋም። ዱቼዟ አባቷ የጎርደን ዱክ ካቋቋመው ከ92ኛው የስኮትላንድ ሬጅመንት ጥቂት ሳጅኖችና ወታደሮች አስመጥታ፣ በእንግዶቿ ፊት ያገራቸውን ጭፈራ አስጨፈረቻቸው። ሬጅመንቱ በማግስቱ ካትር ብራ ላይ በተደረገው ውጊያ ክፉኛ ተመታ። የዚያን ምሽት ነገር ከመኮንኖቹ ስንብት ይልቅ ለእኔ የሚገልጠው ይህ ነው፤ ወታደሩ የገባው ሊታይ እንጂ ሊጋበዝ አልነበረም።

ሚስቶቹም በዚሁ ሥርዓት ይተዳደሩ ነበር። የመኮንን ሚስት ቤት ተከራይታ ብራስልስ ትቀመጣለች። የተራው ወታደር ሚስት ግን ዕጣ ታወጣለች፤ ደንቡ ባሕር ተሻግረው እንዲከተሉ የሚፈቅደው ከመቶ ወታደር ለስድስት ሚስቶች ያህል ብቻ ነበርና። ዕጣ ያልደረሳት ልጆቿን ይዛ የደብሯን ምጽዋት ደጅ ትጠናለች። ከድሉ በኋላ የምርኮ ገንዘብ ሲከፈል ለተራ ወታደር 2 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ደረሰው፣ በቀን አንድ ሺሊንግ ለሚያገኝ ሰው የ51 ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። ለጄኔራል ከ1,270 ፓውንድ በላይ፣ ለጦሩ አዛዥ ለዌሊንግተን ደግሞ 61,000 ያህል ተሰጠ። ዌሊንግተን 40,000ውን ለመንግሥት መመለሱ አይካድም፤ የቀረለት ግን አሁንም የብዙ ሺህ ወታደር ድርሻ ነው።

ጥይት ማዕረግ አይለይም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የብራንስዊክ ዱክ ከግብዣው ወጥቶ በማግስቱ ወደቀ፣ ጄኔራል ፒክተንም ዋተርሉ ላይ ቀረ። እኩልነቱ ግን ለሞቱት እንጂ ለተረፉት አልሆነም። ዘመኑ እንዲህ ነበር ማለትም አያስኬድም፤ ከሜዳው ማዶ የፈረንሳይን ጥቃት የመራው ማርሻል ኔይ የበርሜል ሠሪ ልጅ ነበር። (በኋላ ናፖሊዮን ልዑል ብሎ መሾሙ ሌላ ነገር ነው።) ሌላ ዓይነት ጦር ሊኖር እንደሚችል እንግሊዞቹ በዓይናቸው አይተዋል።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሜዳዩ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በዋተርሉ ለተሰለፈ ሁሉ፣ ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር፣ አንድ ዓይነት ሜዳይ ሰጠ፤ ለዚያ ጦር ይህ አዲስ ነገር ነበር። ክብሩን አላሳንስም፤ ከደረት አልፎ ግን የትም አልደረሰም። በ1819 ማንቸስተር ላይ የፓርላማ ውክልና የጠየቀው ሕዝብ በፈረሰኛ ሲበተን፣ ከበታኞቹ መካከል ዋተርሉ የተዋጋው 15ኛው ሁሳር ነበረበት። ከሰልፈኛው ወገን በጎራዴ ቆስሎ ከሳምንታት በኋላ የሞተው ጆን ሊስም የዋተርሉ ወታደር ነበር። እንደሱ ላለው የከተማ ሠራተኛ የመምረጥ መብት በሰፊው የተከፈተው በ1867 ነው።