ፈቃድ አለኝ አትበለን
አንዳንድ ወጣቶች ሽጉጥ መኪና ወንበር ሥር ደብቀው ጁሙዓ ይመጣሉ። ሲነገራቸው «ፈቃድ አለኝ፤ ራስን መከላከል ሐላል ነው» ይላሉ። ይሁን። ቀስትም ሐላል ነበር፤ ያዦቹም ሶሓቦች ነበሩ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን በመስጂድም በገበያም ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ሙስሊም እንዳይጎዳ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ከአፎቱ የወጣ ሰይፍ መቀባበልንም ከልክለዋል። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥስ?

አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ባለፈቃዱን እንኳ የትም ይዘህ ግባ አይለውም። «ትጥቅ ሊያስፈቱን ነው» የምትል ወንድሜ፣ ያልከው ባለቤትነትን ነው፤ ጥያቄው አያያዙ ነው። አዋጁን ብትጠላው እንኳ ሐዲሱን ምን ልትለው ነው?

ስትመጣ ቤትህ ቆልፍበት። መኪና ውስጥማ መስታወት ይሰበራል፤ ልጅም ወንበር ሥር እጁን ይሰዳል።