ውጤቱ ተነገረው፤ ስህተቱንስ ማን ይንገረው?

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ አገር የሚነጋገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ ሲል "ለውጥ አለ" ይባላል። ዝቅ ሲል ሚኒስቴሩ፣ መምህሩ፣ ወላጁና ቲክቶክ ተራ በተራ ይወቀሳሉ። ከዚያ ወሬው ይበርዳል።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ያልፋል። ያላለፈው ተማሪ ከውጤቱ ምን ተማረ?

ስልኩ ላይ የሚያየው በየትምህርቱ አንድ አንድ ቁጥር ነው። ሒሳብ 31። በቃ። የትኛው ምዕራፍ ጣለው? ቀመሩን ስላላወቀ ነው ወይስ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ስላልገባው? የሚነግረው የለም። በግል ደግሞ ሊፈተን ቢወስን እንኳ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። አገር አቀፍ ፈተና ሥራው ማጣራት ነው፤ ለማጣራት ይሄ ሊበቃ ይችላል። ችግሩ፣ ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በገዛ ትምህርት ቤቱ የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የማይለይ መሆኑ ነው።

ሰነዱ ላይ እንዲህ አይደለም። ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥም አለ። ሐሳቡ ተማሪው በየጊዜው እየታየ የጎደለው እንዲሞላለት ነው። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ተከታታይ ምዘና ተከታታይ ፈተና ሆኖ አረፈው፦ ቴስት፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ተደምሮ 100። ወረቀቱ ቢመለስም ያለበት ራይትና ኤክስ ነው። ተማሪውም ወረቀቱን የሚያገላብጠው የት እንደሳተ ለማየት ሳይሆን ያልተቆጠረለት ማርክ ለመፈለግ ነው። "ቲቸር፣ እዚህ ጋ ግማሽ ይጨመርልኝ።" ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ይጀመራል። ሰኔ ላይ ካርዱ ይመጣል፤ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ "በርታ" ተብሎ ተጽፏል። በምን ይበርታ?

ይሄ የእኛ አገር ልጆች ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሦስት ከፍላ ሞክራው ነበር። ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለሌላው የጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጠ። የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት አልተሻሻሉም። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፦ ማርክ ካለ ዓይን ሌላ ነገር አያይም።

እዚህ ላይ "60 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ማን አስተያየት ይጽፋል?" የሚል መምህር እውነቱን ነው። አምስት ክፍል የያዘ ሰው በአንድ ቴስት 300 ወረቀት ያርማል፤ ያውም ሁላችንም በምናውቀው ደሞዝ። በየወረቀቱ አንቀጽ ጻፍ ማለት ቀልድ ነው።

ግን ግብረ መልስ የግድ በየወረቀቱ አይጻፍም። መምህሩ ሲያርም ብዙ ልጆች የተሳሳቱባቸውን ሦስት ነገሮች ብጣሽ ወረቀት ላይ ይያዝ። በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ይሥራቸው። ማርኩን ሳይናገር ወረቀቱን ይመልስና 20 ደቂቃ ይስጥ፦ እያንዳንዱ ተማሪ የተሳሳተውን ጥያቄ ፈልጎ እንደገና ይሥራ። ማርኩ ከዚያ በኋላ ይነገር። የሚፈጀው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ በጀት አይጠይቅም።

የተማሪው ድርሻ ደግሞ አንድ ደብተር ነው። እያንዳንዱን ስህተት ከሦስቱ በአንዱ ሥር ይመዝግበው፦ ጭራሽ አላውቀውም፤ አውቀዋለሁ ግን ስሠራ ተሳሳትኩ፤ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም። መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ወደ መጽሐፉ ይመልሳል፣ ሁለተኛው ልምምድ ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ቀስ ብሎ ማንበብን። ሦስቱንም "አላጠናሁም" ብሎ የሚያጠቃልል ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ቢያነብም የሚያነበው ያወቀውን ሊሆን ይችላል።

ይሄ የፍትሕ ጉዳይም ነው። አቅም ያለው ወላጅ ቤቱ አስጠኚ ይቀጥራል። አስጠኚው የሚሸጠው አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ መጽሐፉ ያው ነው። የሚሸጠው ከልጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ "እዚህ ጋ ነው የሳትከው፣ እስቲ ድገመው" ማለትን ነው። መክፈል የማይችለው ወላጅ ልጅ ይህን ማግኘት ካለበት የሚያገኘው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ካጣው የትም የለም።

ትምህርት ሚኒስቴርም የሚሠራው አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፣ የሚታረመውም በማሽን ነው። ስለዚህ የትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው ምዕራፍ ጥያቄዎች እንደወደቀ ከመልሱ ማውጣት ይቻላል። ለየትምህርት ቤቱ "አንድም ተማሪ አላሳለፍክም" ብሎ ከመንገር ይልቅ "ልጆችህ በሒሳብ እዚህና እዚህ ምዕራፍ ላይ ነው የወደቁት" ብሎ መላክ ለቀጣዩ ዓመት መምህር የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል።

ፈተናውን ከኩረጃ ለመጠበቅ ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ወስደን ፈትነናል። ይህ የውጤቱን እውነተኛነት አሻሽሎ ይሆናል። ቴርሞሜትሩን ማስተካከል ግን ትኩሳቱን አያበርድም። ተማሪው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ሳይሆን በ9ኛ ክፍል ጥቅምት ላይ፣ ገና ጊዜ እያለው፣ የት እንደሳተ ማወቅ አለበት።

መምህራን፣ ተማሪዎች፦ በእናንተ ትምህርት ቤት ወረቀት እንዴት ነው የሚመለሰው? ከተመለሰ በኋላስ ምን ይደረጋል? ጻፉልን።