38 ቁጥር ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

ደብረ ታቦር የምትኖር አንዲት መምህርት በቴሌግራም ያየችውን ጥቁር ፍላት ጫማ ለማዘዝ ብትፈልግ ከሻጩ የሚቀርብላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ስንት ቁጥር ታደርጊያለሽ?» ትባላለች። 38 ብላ ትመልሳለች፤ ገንዘቡን በቴሌብር ትልካለች፤ ጫማው ከመርካቶ ተነስቶ በደጀን፣ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መናኸሪያ ይደርሳል። ስትለካው ከጣቶቿ ሥር ይጨምቃታል። ስልክ ብትደውል «ያልሽው ቁጥር እኮ ነው የተላከልሽ» የሚል መልስ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ጫማው ወይ ለእህት ይሰጣል፣ ወይ አልጋ ሥር ይቀመጣል። ሻጩ ደግሞ ሽያጩን እንደተሳካ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል።

እዚህ ላይ የነጋዴው ሒሳብ ተሳስቷል።

ቁጥር በዓለም ላይ ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚለካውም ጫማው የሚሠራበት ፎርማ እንጂ እግሩ አይደለም። በዚህ መሠረት የ38 ቁጥር ፎርማ 25.3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለጣት መላወሻ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀነስለት 24 ሳንቲ ሜትር ለሚጠጋ እግር ይበቃል ማለት ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ ቁጥር የኢንች አንድ ሦስተኛ ወይም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለቱ መነሻ ግን አይገናኝም። ቻይና በበኩሏ የእግሩን ርዝመት በሚሊ ሜትር ትጽፋለች። 240 የተባለው በቀድሞው የቻይና ቁጥር 38 ሲሆን፣ አምስት ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት 39 ይሆናል።

38 እና 39 ላይ የአውሮፓውና የቻይናው አቆጣጠር ስለሚገጣጠሙ ልዩነቱን ልብ የሚለው የለም። ወደ ዳር ሲወጣ ግን ይራራቃሉ። የቻይናው 42 ለ26 ሳንቲ ሜትር እግር የተሠራ ሲሆን የአውሮፓው 42 ደግሞ 26.5 ለሚሆን እግር ነው። 36 ላይ ነገሩ ይገለበጥና የቻይናው ይሰፋል። የአገራችን ጫማ ሰሪ፣ ፎርማና ታኮ የሚሉት ቃላት ራሳቸው እንደሚመሰክሩት፣ ከሙያው የተወሰነውን ከጣሊያን ወስዷል። በመሆኑም በአንድ የመርካቶ መደብር መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት 42 ቁጥሮች፣ አንዱ የአገር ውስጥ አንዱ የቻይና፣ አንድ እግር ላይ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። መደብሩ ውስጥ ገዥው ለክቶ ይለየዋል። በስልክ ግን የሚለካበት መንገድ የለም።

መምህርቷ ቁጥሯ መካከል ላይ በመሆኑ በርዝመቱ ብዙም አትጎዳም። የሚጎዳት ስፋቱ ነው፤ ስለ ስፋት ደግሞ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። በባዶ እግር ወይም በክፍት ጫማ ያደገ ሰው የእግሩ ፊት ሰፋ እንደሚል በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በደቡብ ጎንደር ገጠር፣ በፋርጣም ሆነ በጉና ዙሪያ፣ በኮንጎና በበረባሶ ያደገ እግር ብዙ ነው። ያ እግር ዛሬ ቢሮ ሲገባ ጠባብ አፍንጫ ያለው ፍላት ይታዘዝለታል።

ፍላት ጫማ ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ስህተትን አይሸፍንም። ሸራ ጫማ ቢሰፋ ክሩ ይጠበቃል። ሰንደል ቢጠብ መቆለፊያው ይላላል። ፍላት ግን ክርም ማሰሪያም የለውም፤ እግር ላይ የሚቆየው ጠርዙ ተረከዝንና የጣቶችን ሥር ግራና ቀኝ ስለያዘ ብቻ ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ በየእርምጃው ይወልቃል፤ ያን ያህል ቢጠብ ደግሞ ተረከዝ ይልጣል። በርቀት ለመሸጥ ቀላሉ ዕቃ ይመስላል፤ ከጫማ ሁሉ አስቸጋሪው እሱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥንድ 2,000 ብር ተሽጦ ለነጋዴው 300 ብር ይተርፈዋል፣ የአንድ ጉዞ መላኪያ ደግሞ 150 ብር ነው እንበል። ጫማው ተመልሶ በሌላ ቢለወጥ ተጨማሪው ወጪ 300 ብር ይሆናል፤ የዚያ ሽያጭ ትርፍ እዚያው አለቀ። ከአስር ጥንድ አራቱ ቢመለሱ ከ3,000 ብር ትርፍ 1,200 ይሄዳል። ከአስር አንድ ብቻ ቢመለስ ግን የሚሄደው 300 ብር ነው። ብዙዎቹ ሻጮች የመጀመሪያውን ስሌት አይተው ይፈሩና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላሉ። ትክክለኛው እርምጃ መለሳውን መከልከል ሳይሆን ከአራት ወደ አንድ የሚያወርደውን መለኪያ መጠየቅ ነበር። አልመልስም ያለ ነጋዴ ያተረፈው 300 ብር ነው፤ ያጣው ግን አንድ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሙሉ ደንበኛ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የገቢ ዕቃ በተወደደበት ሁኔታ፣ ገዥው ሁለተኛ ጊዜ ለመሞከር የሚተርፈው ገንዘብ የለውም።

ሕጉም ብዙ አይረዳውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አስቀምጦ ነበር። የጠበበ ጫማ ግን ጉድለት አለበት ለማለት ያስቸግራል፤ ጫማው ደህና ነው፣ እግሩም ደህና ነው፣ አልተገናኙም እንጂ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም ቢሆን በስልክ የተደረገ ስምምነት ዋጋ እንዲኖረው አደረገ እንጂ እግር አይለካም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ዛፖስ የተባለው ድርጅት ጫማ በኢንተርኔት ብቻ ሸጦ የገነነው የመላኪያውንም የመመለሻውንም ወጪ ራሱ በመሸከሙ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ አማዞን በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ያንን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለቤት ይሄዳል፤ የእኛ ጥቅል ከአውቶቡስ ረዳት ጋር ነው የሚሄደው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሠፈር ተነስቶ ጫማውን በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት የሸጠው ሶል ሬብልስም አይቶት ለማያውቀው እግር ነው የሠራው። ሊቻል የማይችል ነገር አይደለም።

ለደብረ ታቦር የሚሻለው መካከለኛው መንገድ ነው። ከተማው ውስጥ ያሉ ጫማ ቤቶች የቴሌግራሙን ሻጭ እንደ ጠላት ማየታቸው አያዋጣቸውም። አንድ አስመጪ ከአንድ ሞዴል ከ35 እስከ 41 ያለውን ሰባት ጥንድ ናሙና አንድ ሱቅ ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ ደንበኛዋ እዚያ ለክታ ቀለሙን ከስልኩ ታዛለች፤ ባለሱቁም ኮሚሽን ያገኛል። የተመለሰውም ጫማ አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄድ እዚያው ለሌላ ይሸጣል። የደላላ ሥራ ማለት ይኸው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በስልክ ብቻ የሚነግደው ሰው ያን ጊዜ ምን ይዞ ቀረ? ሱቅ ያለው ቢያንስ በሩን መክፈት ይችል ነበር።

ናሙና ማስቀመጥ ለማይችለው ደግሞ የድሮው ዘዴ አለ። ለገጠር ዘመዱ ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን በክር ወይም በስንደዶ ለክቶ ይዞ ይመጣ ነበር። ያ ክር ዛሬ ከሚባለው ቁጥር ይበልጣል፤ ከእግሩ የተወሰደ ነውና። ሻጩ የእያንዳንዱን ጫማ የውስጥ ርዝመትና ከጣቶች ሥር ያለውን ስፋት በሳንቲ ሜትር ቢጽፍ፣ ገዥዋም ወረቀት ላይ ቆማ ሁለቱንም እግሯን ብትስልና ትልቁን ብትለካ ከጥሪው ግማሹ ይቀራል። ሲመሽ መለካት ይሻላል፤ እግር ሲውል ያብጣል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ለደብረ ታቦር ገዥ ብቻ መጨመር አለበት፤ በካልሲ ነው ወይስ ያለ ካልሲ? መርካቶ ያለ ሻጭ ይህ አይታየው ይሆናል። ነሐሴ ላይ ከጉና የሚወርደውን ብርድ የሚያውቅ ግን በባዶ እግር ተለክቶ የተገዛ ፍላት እስከ መስከረም አልጋ ሥር እንደሚከርም ያውቃል።