ክንዱን የሰጠ መልስም ይገባዋል

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ ሁለት ካርዶች ነው። አንዱ ቢጫ የክትባት ካርድ ነው። ሌላው የቤተሰቡ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት የጤና መድን ደብተር ነው። ሁለቱም እዚሁ አዳማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ሣጥን ይቀመጣሉ።

የግቢው ባለቤት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ እህል ሲነግዱ የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ለሐጅ ተመዝግበው ተራቸው ሲደርስ ክትባታቸውን ወሰዱ፤ ቢጫ ካርዳቸውንም በላስቲክ ጠቅልለው መጡ። ክንዳቸውን ሲያሻሹ አይቼ «ያምማል እንዴ አባባ?» አልኳቸው። «ለአላህ ቤት ተብሎ የማይቻል ምን አለ ልጄ!» ብለው ሳቁ። በዚያው ሳምንት የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ነበርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናትን ሊመዘግቡ በየቤቱ ዞሩ። ምራታቸው የአንድ ዓመት ልጇን አቅፋ በሩን ዘጋችባቸው። አባባም «ደግ አደረግሽ» አሏት።

ነገሩ ከነከነኝና ጠየቅኋቸው። «ያኛው የሐጅ ነው፤ ይኼኛው የዘመቻ ነው። ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?» አሉኝ።

የሐጁ ክትባት ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታውም ሑጃጁን ተከትሎ ወደየአገሩ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ ሳዑዲ ዐረቢያ የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስድ የሚመጣን ሑጃጅ አልቀበልም አለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ክትባቱ የማይሸፍነው ሌላ ዓይነት ተሐዋሲ ወረርሽኝ ስላስነሣ፣ ከ2002 ጀምሮ አራቱን ዓይነት የሚከላከለው ክትባት ግዴታ ሆነ። ቢጫ ወባ ከሚያሰጋቸው አገሮች ለሚነሡ፣ ለእኛም ጭምር፣ የቢጫ ወባ ክትባትም ይጠየቃል። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሐጅ የተፈቀደው ለተከተቡና እዚያው ሳዑዲ ለሚኖሩ 60,000 ያህል ሰዎች ብቻ እንደነበረ የምናስታውሰው ነው።

ይህ ሁሉ አንዱ ሙስሊም በሌላው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ ነው። የኩፍኙም ክትባት ዓላማ ይኸው ነው። ኩፍኝ የያዘው አንድ ልጅ ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑት ሊያስተላልፍ ይችላል። በአገራችን መደበኛው ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጥ ሲሆን ክፍያ የለውም፤ የመድን ደብተርም አይጠየቅበትም። ይህንን ለአባባ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። የመለሰችልኝ ግን ምራታቸው ናት።

የመስኮቱ መልስ

«መምህር፣ ይህን ሁሉ ያወቅከው አንተ ተምረህ ነው» አለችኝ። «እኔ የማውቀው ትልቁ ልጄ ሳንባውን ታሞ ያየሁትን ነው። መዋጮዬን ከፍዬ፣ ደብተሬን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ‹ሪፈር የለሽም› ብለው መለሱኝ። በማግስቱ ወረቀቱን አጽፌ ብመጣ ‹መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ› አሉኝ። ተበድሬ ገዛሁ። ያን ቀን የሚያናግረኝ ሰው አጣሁ። ዛሬ ሳልጠራቸው እስከ በሬ ድረስ መጡ። ለምን አልጠራጠር?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህችን እናት «ያልገባት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እኔ ግን አፌን ዘጋሁ። ክትባቱን ስትጠራጠር መነሻዋ መርፌው ሳይሆን መስኮቱ ነውና።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ፣ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ። ቤተሰቦች «በቅጡ ሳንጠየቅ ነው» ብለው ከሰሱ፤ ነገሩ በ2009 በካሣ ስምምነት አለቀ። የዚያ ቁስል ሳይሽር፣ በ2003 የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ክትባት ሲመጣ ካኖ አልቀበልም አለች። ያ ጥርጣሬ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሕፃናት ናቸው። በሽታው ከናይጄሪያ ተነሥቶ ብዙ አገሮችን፣ ከእነርሱም ኢትዮጵያን፣ ዳግመኛ አዳረሰ። ካኖ በሯን የከፈተችው በ2004 ክትባቱ ሙስሊሞች ከሚበዙባት ከኢንዶኔዥያ ሲመጣላት ነው። አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተበሠረው በ2020 ነበር። የተሰበረ እምነት ይህን ያህል ዘመን ያስከፍላል ማለት ነው።

መድኑስ?

አንዳንድ ወንድሞች «ኢንሹራንስ ሐራም አይደለም ወይ?» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ሁለቱን ለይቷል። ለትርፍ የሚቆመውን የንግድ ኢንሹራንስ ከልክሎ፣ በመተጋገዝና በልገሳ ላይ የተመሠረተውን ፈቅዷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሽዐሪዮችን ያመሰገኗቸው ስንቅ ሲያጥራቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ስለሚከፋፈሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የእኛ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከኦሮሚያ ከተመረጡት መካከል የምሥራቅ ሸዋዋ ግምቢቹ አንዷ ነበረች። ጤነኛው ለታማሚው የሚያዋጣበት እንጂ ባለአክሲዮን የሚያተርፍበት አይደለም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ፈትዋው ግን የዑለማዎቻችን ነው። በነገራችን ላይ እኛ ደመወዝተኞችም «ተመቻችቶልናል» አንልም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ሳለ ሥራ ላይ ሳይውል ለረጅም ዓመታት ቆይቷል።

የሪፈሩ ሥርዓት ምክንያት አለው። ሁሉም በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄድ ሆስፒታሉም ይጨናነቃል፣ የመዋጮውም ገንዘብ ያልቃል። ነገር ግን ደብተሩን ሲሰጧት ይህን የነገራት የለም። የመድኃኒቱ እጥረትም ምክንያት አያጣም፤ የውጭ ምንዛሪ ችግር አለ፣ ግዢ ይጓተታል፣ የመድኑ ገንዘብ ለጤና ተቋሙ ዘግይቶ ይከፈላል። ሆኖም አዋጥቶ ሳለ ከኪሱ መልሶ የሚገዛ ድኻ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ይህን «የለም» በምትል አንዲት ቃል መሸኘት ተገቢ አይደለም።

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ላይ የወረርሽኙን ወሬ ሰሙ። ኸሊፋ ናቸውና «ተመለሱ» ብለው ማዘዝ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና ሽማግሌዎችን በየተራ አማከሩ። አቡ ዑበይዳ ሲሞግቷቸውም በምሳሌ አስረዷቸው። የሚያዝ ሰው ማስረዳትም እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ምን እናድርግ?

በእኛ በኩል፦ የዓመት መዋጮ የሚታደስበትን ጊዜ አንርሳ፤ ደብተሩ ካልታደሰ ዋጋ የለውምና። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ሪፈር እንያዝ። ከውጭ የገዛነውን መድኃኒት ደረሰኝና የሐኪሙን ማዘዣ እናስቀምጥ፤ ሊመለስልን ይችል እንደሆነም ከመድኑ ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ። የከለከለንን ሰው «ምክንያቱን ጻፍልኝ» እንበለው። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ብቻችንን ከምንጮህ የሰፈሩ ጀማዓ በአንድ ድምፅ ይናገር። መዋጮ የሚከፍሉት ያጡ ድኾች በነፃ የሚታቀፉበት መንገድ አለ፤ ጎረቤቶቻችን መዝገቡ ላይ መግባታቸውን እንከታተል። ከዚያ ዝርዝር ውጭ ሆነው አቅም ላነሳቸው ደግሞ ሶደቃችን ትድረስላቸው።

በመስኮቱ ወዲያ ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፦ ድካማችሁን እናውቃለን። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከመተሐራ እስከ ባቱ ስንት ሰው ተሰልፎ እንደሚጠብቃችሁ እናያለን። ነገር ግን የሌለውን መድኃኒት መስጠት ባትችሉ፣ ለምን እንደሌለ መናገር ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ዘመቻ በሩን የሚከፍትላችሁ ያ ቃል ነው።

ያችን እናት በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው አብሬያት ሄድኩ። አንዲት ነርስ ወንበር ሰጥታ ስለ ኩፍኙ ክትባት አስረዳቻት፤ ትኩሳት ቢመጣ ምን እንደምታደርግም ነገረቻት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ልጁ ተከተበ። ስለ መድኃኒቱ ብር ያቀረበችው አቤቱታ ግን ይህን ስጽፍ መልስ አላገኘም። እኔም ደረሰኟን ይዤ መመላለሴን አልተውኩም።

አባባ ማታ የልጁን ክንድ ሲያዩ «አንተም እንደ እኔ ተወጋህ?» ብለው ሳሙት። ከዚያም ወደ ምራታቸው ዞረው «የብሩን ነገር ግን እንዳትተዪው» አሏት። እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። ክንዳችንን እንስጥ፤ ጥያቄያችንንም አንተው።

እስከ ሚቀጥለው ወር አላህ በጤና ያቆየን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።