ባንዳው ማን ነው?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። የእስራኤልና የፍልስጤም ጉዳይ በክፍል ውስጥ በተነሣ ቁጥር ከተማሪዎቼ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በጦርነት ሰዓት የገዛ መንግሥቱን የሚያጋልጥ ሰው ከሃዲ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጠላት ያለባት ሀገር ገመናዋ አደባባይ ሲወጣ ዋጋ ትከፍላለችና። መልሱን ግን ከስድብ ይልቅ ከታሪክ ብንፈልገው ይበጃል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስራኤል በ1967 በስድስቱ ቀን ጦርነት ከያዘቻቸው ግዛቶች መካከል የዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምና ጋዛ ይገኙበታል። ሀገሪቱ በድል ስካር ላይ ሳለች፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 22 ቀን፣ 12 ሰዎች የፈረሙበት አጭር ማስታወቂያ ሀአሬትዝ በተባለው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ወረራው እምቢተኝነትን፣ እምቢተኝነቱም አፈናንና ሽብርን እንደሚወልድ የሚያስጠነቅቅ ነበር። በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር የሻያሁ ሌይቦዊትዝም ሌላውን ሕዝብ በኃይል መግዛት ገዢውን ራሱን እንደሚያበላሽ፣ ሀገራቸውንም የስለላ ፖሊስ መንግሥት እንደሚያደርጋት ደጋግመው ተናገሩ። እኒህ ሰው ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚጠብቁ አይሁዳዊ ነበሩና በማንነት ጥላቻ መክሰሱ አላዋጣም። በ1993 የእስራኤል ሽልማት ሲታጩ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን ከሥነ ሥርዓቱ እንደሚቀሩ በመዛታቸው፣ ፕሮፌሰሩ ሽልማቱን ራሳቸው ተዉት።

ከእርሳቸው በኋላም ድምፁ አልጠፋም። ቤጼሌም የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በ1989 ተመሠረተ። በ2004 ደግሞ በኬብሮን ያገለገሉ ወታደሮች «ዝምታን መስበር» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። እነዚህ ወጣቶች የተናገሩት በወሬ የሰሙትን አይደለም፤ ኬላው ላይ ቆመው ያዩትንና የፈጸሙትን ነው።

ክሱ ሁለት ነው። አንደኛው «የውጭ ቅጥረኞች ናቸው» የሚለው ነው። በ2016 የእስራኤል ምክር ቤት ከገቢያቸው ከግማሽ በላዩን ከውጭ መንግሥታት የሚያገኙ ድርጅቶች ይህንኑ በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። እኛም ከዚህ የጠበቀ አይተናል፤ እስከ 2019 በሥራ ላይ የቆየው የ2009ኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከልክሎ ነበር። የገንዘቡን ምንጭ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የቀረበውን ማስረጃ ግን አያስተባብልም።

ሁለተኛው ክስ «ለጠላት መሣሪያ ያቀብላሉ» የሚል ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ በመራው ጥቃት 1,200 ገደማ ሰዎች ተገደሉ። ከእነርሱ አንዷ ዕድሜያቸውን ለሰላም የሠሩት ቪቪያን ሲልቨር ነበሩ። ገዳዮቹ አቋማቸውን አልጠየቁም። ቤጼሌምና «ሐኪሞች ለሰብአዊ መብት» የተባለው የእስራኤል ማኅበር በጁላይ 2025 መንግሥታቸው በጋዛ የዘር ማጥፋት እየፈጸመ ነው ሲሉ፣ መንግሥት ክሱን አስተባበለ። በዚያ ወቅት የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የሞቱትን ከ60,000 በላይ አድርሷቸው ነበር። በሕጋዊ ስያሜው ላይ መከራከር ይቻላል። ክርክሩ ግን በማስረጃው ላይ እንጂ በተናጋሪው የልደት ወረቀት ላይ ሊሆን አይገባም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ «ባንዳ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ለወራሪው ፋሺስት አድሮ የገዛ ወገኑን የወጋ ማለት ነው። ታዲያ ወረራን የተቃወመን ሰው በዚህ ስም መጥራት ቃሉን ከነታሪኩ መገልበጥ አይደለምን? ግብር የሚከፍል፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ ልጁን ለውትድርና የሚልክ ዜጋ በስሙ ለሚፈጸመው ሁሉ ተጠያቂነት አለበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ግፉ ግን በዝምታው በኩል ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እስራኤላውያኑን ተቺዎች በአደባባይ እያሞገሱ የራሳቸውን ተቺ ወህኒ የሚያወርዱ መንግሥታት ጥቂት አይደሉም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። የሌይቦዊትዝን ድፍረት የምናደንቅ ከሆነ፣ ፈተናው የእኛው ሌይቦዊትዝ በእኛው መንግሥት ላይ ሲናገር ልንሰማው መቻላችን ነው።

ቸር ያሰማን።