ለውሻው ማሳከክ ተገኘ፤ ለጥጃዋስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ማኪያቶውን እያማሰለ «ሰማህ? ፈረንጆቹ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ የሠሩትን አንቲቦዲ ለከብት ሊሰጡ ነው አሉ። ከእንግዲህ ወተት መጠጣት ቀረ» አለኝ። ይህን ሲል ከንፈሩ ላይ የወተት አረፋ ነበር። ላሟ ራሷ ወተቷ ውስጥ አንቲቦዲ እንደምትጨምርበት ልነግረው አሰብኩና ማኪያቶው እንዳያስጠላው ብዬ ተውኩት። ዝም ማለቴ ግን ሲቆጨኝ ሰነበተ። እስቲ እዚህ ልመልስለት።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። አንቲባዮቲክና አንቲቦዲ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አይዛመዱም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚያግድ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠቃሚውንም ጎጂውንም አብሮ ይጠርጋል። አንቲቦዲ ግን የእንስሳም የሰውም አካል ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። አንድ ጠላት ይመርጣል፣ እሱን ይይዛል፣ በቃ። ላብራቶሪ የሚሠራው ይህንኑ አንዱን መርጦ በብዛት ማምረት ነው። ቢበሉትም እንደማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል።

ጥጃ ስትወለድ ደሟ ውስጥ አንቲቦዲ የለም ማለት ይቻላል፤ የላም የእንግዴ ልጅ አያሳልፈውም። የምታገኘው ከእንገር ነው፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ አንጀቷ ወደ ደም ማሳለፉን ያቆማል።

አክስቴ ሰንዳፋ አካባቢ አራት ዲቃላ ላሞች አሏት። ባለፈው ክረምት አንዲት ጥጃ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። አክስቴ ከአንድ ሱቅ ቴትራሳይክሊን ገዛች፤ የሰው እንክብል ነው። ከፈተችው፣ በውኃ በጠበጠችው፣ አጠጣቻት። ማንም አላዘዘላት፣ ማንም አልከለከላት። ጥጃዋ በማግስቱ ሞተች። አክስቴን አልወቅስም፤ እጇ ላይ ሌላ ምን ነበራት? ይህንን ግን በሺህ በረት አባዙት። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ከበረት ይወጣል፣ ሰው ጋ ይደርሳል። በ2019 መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ጓደኛዬ መፍራቱ ካልቀረ ይህንን ይፍራ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። አንድ ዓይነት አንቲቦዲ እንደ ልብ ማምረት የተቻለው በ1975 ነው። ኬምብሪጅ ውስጥ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ዘዴውን አገኙ፤ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። የፈጠራ ባለመብትነትም አላስመዘገቡበትም። ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ለማን ተሞከረ? ለጥጃ! ገና የተወለዱ ጥጆችን በተቅማጥ የሚጨርሰውን ኬ99 የተባለውን የኢ. ኮላይ ዓይነት የሚይዝ አንቲቦዲ ተሠራ፤ በአፍ ተሰጠ፤ ጥጆቹን ከሞት እንደሚያድን የሚያሳይ ጥናት በ1983 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ገበያም ወጥቶ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያ ገንዘቡ ከበረት ወጥቶ ሳሎን ገባ። በ2017 አውሮፓ ውስጥ ቆዳቸውን ለሚያሳክካቸው ውሾች ሳይቶፖይንት የተባለው ተፈቀደ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለእንስሳ ብሎ የመጀመሪያውን ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ያጸደቀው በጃንዋሪ 2022 ነው፤ መገጣጠሚያዋን ለሚያማት ድመት። በዓመቱ ለውሻም ተከተለ። ድመት አልጠላም፤ ጎረቤቴ ካላት ጋር ሰላም ነን። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ጥጃዋ ተራ ስትጠብቅ ከኋላዋ መጥተው ቀደሟት።

«ኩባንያ እኮ በጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡ ገብቶኛል። መድኃኒቱ በክብደት ነው የሚለካው። ለ10 ኪሎ ውሻ የሚበቃው ለ400 ኪሎ በሬ ጉንጩን አያርስም። የውሻው ባለቤት የሚከፍለውንም አክስቴ አትከፍልም። ግን አዲስ የተወለደች ጥጃ በሬ አይደለችም፤ አንቲቦዲውም በአፍ ሲሰጥ ሥራውን የሚሠራው አንጀቷ ውስጥ ነው፤ የሚያስፈልጋትም ለእነዚያ ለጥቂት ክፉ ቀናት ነው።

ርካሽ መንገድም አለ። በ1993 ቤልጅየም ያሉ ተመራማሪዎች የግመል ደም ውስጥ ከሌላው እንስሳ የቀለለ፣ ትንሽ አንቲቦዲ እንዳለ አስታወቁ። አዎ፣ የግመል! አሠራሩ ቀላል ስለሆነ እርሾና ዕፅዋት እንኳን ሊያመርቱት ይችላሉ። በ2013 ደግሞ እዚያው ቤልጅየም ይህንኑ በአንድ ተክል ዘር ውስጥ አብቅለው፣ ከአሳማ ግልገሎች መኖ ጋር ቀላቅለው፣ ከኢ. ኮላይ ተቅማጥ ተከላከሉበት። ግመል አፋር አለን፣ ሶማሌ አለን፣ ቦረና አለን። ከብቱ ወደ 70 ሚሊዮን ነው። ግመሉም የእኛ፣ ጥጃዋም የእኛ፣ ሬሳውም የእኛ፤ ዕውቀቱ ብቻ የሰው።

«እኛ አገር አይሆንም» የሚሉትን ደግሞ በደስታ በሽታ እመልሳቸዋለሁ። (ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን አስቦ ይሆን?) ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣብን እሱ ነው፤ በማሳዋ ገብቶ አብዛኛውን የአገሩን ከብት ጨረሰ፣ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በ2008 ነፃ መሆናችን ተረጋገጠ፤ በ2011 ከዓለም ጠፋ። ድሉ በዋናነት የክትባቱና አፋር በረሃ ድረስ ይዘውት የወረዱት የአካባቢው የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነው። ግን የትኛው መንጋ በሽታውን መከላከል እንደቻለ የሚለየው የደም ምርመራ የተሠራው በሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነበር። ማለትም ላብራቶሪ የተሠራ አንቲቦዲ ከብቶቻችንን ካወቃቸው ቆይቷል፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

ክትባቱንስ ማን ያመርት ነበር? ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት፤ ከ1964 ጀምሮ ያለ ተቋም። የአፍሪካን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈትሸው ፓንቫክም እዚያው ነው። እናንተ ቅዳሜ ለሐይቁ ስትወርዱ የምታልፉበት ከተማ። ጥያቄዬ ለእነሱና በጀት ለሚመድብላቸው ነው፤ የጥጃ ተቅማጥ አንቲቦዲ ዕቅዳችሁ ውስጥ የት ጋ ነው? በዶላር ተገዝቶ ይምጣ አላልኩም። ይሠራ ነው ያልኩት።

ተአምርም አልጠብቅም። ኬ99ን የሚይዘው ሮታቫይረስን አይነካም፤ ጀርሙ መልኩን ከቀየረም እንደገና መሥራት ግድ ነው። «መጀመሪያ እንገሩን አጠጡ፣ ነፃ ነው» ብትሉኝም ልክ ናችሁ። ግን እናቲቱ አግኝታው ለማታውቀው በሽታ እንገሯም መሣሪያ የለውም። ደግሞ ስለ እንገር እኔ አፌን ሞልቼ ለመናገር ይከብደኛል። ያን ዕለት አክስቴ አፍልታ ለዘመድ ለጎረቤት ካካፈለችው ከበሉት አንዱ ነኝ። ይጣፍጥ ነበር።

ሌላኛዋ ላም በጥቅምት ትወልዳለች። የተረፈው እንክብል አሁንም አክስቴ ኮሞዲኖ ላይ ነው።